ጠላ፣ ጠጅ፣ ሲደር ወይስ ቢራ? በሰሜን ሸዋ መጥመቅ ለሚጀምር ሰው

ቤታችሁ መጠጥ መጥመቅ አምሯችኋል እንበል። ደብረ ብርሃን ወይ መሐል ሜዳ፣ አንኮበር ወይ ሸዋ ሮቢት ትኖራላችሁ። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይጣፍጣል?» ብሎ ነው። እኔ ግን «ቤቴ ምን ያህል ይሞቃል?» ከሚለው ጀምሩ እላለሁ። የምትመርጡትን መጠጥ፣ የሚፈጀውን ቀን፣ የሚገዛውንም ዕቃ የሚወስነው እሱ ነው።

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚገባ ሰው 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጋቢ ደርቦ ተነስቶ በሸሚዝ ይደርሳል። ያው ጥንስስ እዚህና እዚያ አንድ ዓይነት ጠባይ አይኖረውም። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደስ ብሎት ይሠራል። ቤቱ ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ አብዛኛው ያንቀላፋል። ከ30 ሲያልፍ ደግሞ ይቸኩላል፣ መጠጡም ጉሮሮ የሚያቃጥልና ራስ የሚያዞር ጣዕም ይይዛል። የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎችም ሙቀት ይወዳሉ። ስለዚህ ደጋ ያለ ሰው ጠላቱ መዘግየት ነው። ቆላ ያለ ሰው ጠላቱ ኮምጣጣነት ነው።

በዚህ ዓይን አራቱን እንያቸው።

ጠጅ፦ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ሙያ ግን ብዙ አይፈልግም

ማር፣ ውሃ፣ ጌሾ። በቃ። ብቅል የለ፣ እንኩሮ የለ፣ ምጣድ የለ። ለዚህ ነው ብቻውን ለሚጀምር ሰው ጠጅን የማስቀድመው። ችግሩ የማር ዋጋ ነው። ስለዚህ በትንሹ ጀምሩ።

ለአንድ ኪሎ ማር 4 ሊትር ውሃ በቂ ነው። ውሃው የቧንቧ ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ማሩን በደንብ በጥብጣችሁ፣ አፉን በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። ያ ብርዝ ነው። ጥሬ ማር የራሱን እርሾ ይዞ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይነሳል። ሰፈፍ ያለበት ማር ከተጣራው ይሻላል። በእሳት ሞቆ የታሸገ የሱቅ ማር ከሆነ ግን እርሾው ሞቷል፣ ስለዚህ ቆንጠር አድርጋችሁ የዳቦ እርሾ ጨምሩበት።

ከዚያ ጌሾው ይገባል። ለጠጅ የሚመረጠው እንጨት ጌሾው ነው። ለዚህ መጠን 100 ግራም አካባቢ ይበቃል። ከብርዙ ትንሽ ቀንሳችሁ ከጌሾው ጋር ሩብ ሰዓት ያህል አፍሉትና፣ ሲቀዘቅዝ መልሱት። ሲቀዘቅዝ ያልኩት ለይስሙላ አይደለም። ትኩሱን ከጨመራችሁት እርሾውን ትገድሉታላችሁ። ከሳምንት በኋላ ጌሾውን አውጡት፣ አለበለዚያ ምሬቱ ያይላል።

አንድ ኪሎ በ4 ሊትር የተባለው ጣፋጩ ሁሉ ካለቀ ወደ 10 በመቶ አልኮል ይሰጣል። በ3 ሊትር ከሆነ ወደ 12 ተኩል ይጠጋል። በ5 ሊትር ደግሞ 8 በመቶ አካባቢ ነው። ጠጁ ገና ጣፋጭ እያለ ከጠጣችሁት አልኮሉ ከዚህ ያንሳል። ቆላ ያላችሁ ማሩን ጠንከር አድርጉት፤ አልኮሉ ከፍ ሲል የሚያኮመጥጡት ነገሮች አቅም ያጣሉ። ሸዋ ሮቢት ላይ በአሥር ቀን የሚደርስ ጠጅ ደብረ ብርሃን ላይ አራትና አምስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። አትቸኩሉ። ቀስ ብሎ የተብላላ ጠጅ ይጠራል፣ አምቡላውም ከታች ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚተኛ መቅዳት ይቀላል።

ማር ስትገዙ በስኳር የተደባለቀ እንዳይሆን ከምታውቁት ሰው ግዙ። የስኳር ጠጅም ያሰክራል፣ ግን ጠጅ የሚያሰኘው መዓዛ አይኖረውም።

ጠላ፦ መምህሩ ጎረቤት ነው

ጠላ ከአራቱ ውስጥ ብዙ እጅ የሚፈልገው መጠጥ ነው። ሆኖም በሰሜን ሸዋ ከሌሎቹ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። የሚያሳያችሁ ሰው አጠገባችሁ አለ። ግቢያችሁ ውስጥ ወይም ከአጥር ማዶ ጠላ የሚጠምቁ እትዬ ካሉ፣ ጠጁን ተዉትና ከእሳቸው ጋር በጠላ ጀምሩ። «እትዬ፣ ይሄ ጥንስስ ደርሷል?» ብሎ መጠየቅ ማንኛውም ጽሑፍ የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል። አሽትተው ብቻ ይነግሯችኋል።

ገብሱም የአካባቢው ነው። መንዝና ጣርማ በር የገብስ አገር ነው። ለ10 ሊትር ያህል ጠላ 2 ኪሎ የገብስ ዱቄት፣ ከግማሽ ኪሎ ያላነሰ ብቅል፣ ሩብ ኪሎ ጌሾ ይዛችሁ ጀምሩ። በኋላ እንደ አፋችሁ ታስተካክላላችሁ።

ብቅሉን ራሳችሁ ልታበቅሉት ከፈለጋችሁ ገብሱን አንድ ቀን ዘፍዝፉ፣ ውሃውን አጥልሉ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍናችሁ ጫን አድርጉት። በየቀኑ ግለጡና እዩት። ሥሩ ብቅ ብሎ እርስ በርሱ መያያዝ ሲጀምር ፀሐይ ላይ ታሰጡታላችሁ። ደጋ ላይ ይህ አምስት ስድስት ቀን ሊወስድ ይችላል። አንድ ነገር አደራ፦ ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ ገብስ በፍጹም አትጠቀሙ። መርዝ ነው፣ ታጥቦም አይለቅም። የቆየ ገብስ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅሉት። ከ90 በታች ከበቀለ ሌላ ፈልጉ።

አሁን ወደ ሥራው። ጋኑ ወይም ባልዲው ይታጠባል። የሸክላ ዕቃ በግራዋ ይታሻል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፣ በሸክላው ቀዳዳ የተደበቁትን ጀርሞች ይቀንሳል። ቀጥሎ የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ይጠነሰሳል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ብቅሉና፣ ከዱቄቱ ትንሽ ተወስዶ የተጋገረው ቂጣ ተቆራርሶ ይገባበታል። ጥንስሱን ቀርባችሁ እዩት። መጀመሪያ ላይ ጌሾው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ዝም ይላል። ሲነሳ ግን ከዳር ትንንሽ አረፋ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ላይኛው ሽፋን እየተሰነጠቀ «ጭስ ጭስ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሽታው ከቅጠል ሽታ ወደ ዳቦ ሽታ ይዞራል። ያን ጊዜ ነው እንኩሮው የሚገባው። ቀን ቆጥራችሁ ብቻ አትጨምሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ቀን የተባለው አምስት ቢሆን አይግረማችሁ።

እንኩሮው ዱቄቱ በትንሽ ውሃ ርሶ ምጣድ ላይ እየታመሰ የሚበስለው ነው። ጠቆር እስኪል ካመሳችሁት ጠላው ይጠቁራል፣ ፈዘዝ ካደረጋችሁት ነጣ ይላል። እጃችሁን ስትከቱበት እስከማይሞቅ ድረስ አቀዝቅዙት፣ ከጥንስሱ ጋር ቀላቅሉ፣ ያ ድፍድፍ ነው። ከደኑት። ቆላ ላይ አምስት ቀን፣ ደጋ ላይ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን። ከዚያ ውሃ ይሞላበታል፣ አንድ ሁለት ቀን ይጠልላል፣ ይቀዳል።

ጉሽ ሆኖ ገና ሳይጠልል የሚወዱት አሉ። ጥርት ብሎ የተጠለለ ጠንካራ ጠላ የሚፈልጉት ደግሞ ድፍድፉ ላይ የሚሞላውን ውሃ ቀንሰው ፊልተር ያደርጉታል። ተራው ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ ፊልተሩ ከዚያ ከፍ ያለ አልኮል ይኖረዋል። ከቀሪው ድፍድፍ ላይ ውሃ ጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ደግሞ ቀላል ነው።

የጠላ ድክመት ዕድሜው ነው። ውሃ ከገባበት በኋላ ቆላ ላይ ሦስት አራት ቀን ሳይሞላው መኮምጠጥ ይጀምራል። ስለዚህ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ ድፍድፉን አንድ ላይ አዘጋጁ፣ ውሃውን ግን የምትጠጡትን ያህል ብቻ እየቀነሳችሁ በሌላ ዕቃ ሙሉበት። ደጋ ያላችሁ ይህ አያስጨንቃችሁም። የደጋ ብርድ ጠላን ያቆያል።

ሲደር፦ ቀላሉ፣ ፍሬው ከተገኘ

ሲደር ማለት የተብላላ የአፕል ጭማቂ ነው። አሠራሩ ከአራቱ ይቀላል። አፕል በአገራችን ስሙ የሚነሳው ከጨንቻ ጋር ነው፣ ግን በእኛም ደጋ የሚተክሉት አሉ። የምታውቁት አትክልተኛ ካለ ወድቆ የተለቀመውንና ቅርጹ ያልሰመረውን በቅናሽ ጠይቁ። ለጭማቂ ውበት አያስፈልግም። የበሰበሰውን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ ጣሉ። ከሱቅ የገባ አፕል ገዝቶ ሲደር መሥራት ግን ለእኔ አያዋጣም። ከአንድ ኪሎ አፕል ቤት ውስጥ የሚጨመቀው ግማሽ ሊትር አካባቢ ነው።

ፍሬው ይታጠባል፣ ይፈጫል፣ በንጹህ አቡጀዲ ይጨመቃል። ለአምስት ሊትር ጭማቂ አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ይበቃል። የወይን እርሾ ከተገኘ ጣዕሙ ይጠራል፣ ካልተገኘ የዳቦው ይሠራል። ጭማቂው በሊትር 110 ግራም ያህል ስኳር ካለው 6 በመቶ አካባቢ አልኮል ይወጣዋል። ደብረ ብርሃን ለሲደር በጣም ይመቻል። በብርድ ቀስ ብሎ ሲብላላ የአፕሉ ሽታ አብሮ ይቀራል፣ ሙቀት ላይ ግን ሽታው ከጋዙ ጋር ተኖ ይሄዳል።

የታሸገ ጭማቂም መጠቀም ይቻላል። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ሶርቤት ወይም ቤንዞኤት የሚባል ማቆያ ካለው ተዉት። እርሾ እንዳይነሳ ተብሎ የተጨመረ ስለሆነ ሳምንት ብትጠብቁትም ያው ነው።

ቢራ፦ ለሁለተኛው ዓመት

ደብረ ብርሃን የቢራ ከተማ ነው። ዳሸንም ሐበሻም ፋብሪካ አላቸው፣ የቦርትማልት ብቅል ፋብሪካም እዚያው ነው። ይህን ያየ ሰው ቢራ መጥመቅ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ግን የብቅል ፋብሪካ የሚያስረክበው ለጠማቂ ፋብሪካዎች ነው፣ ሁለት ኪሎ ለሚፈልግ ሰው አይደለም። ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው ሆፕም በአገራችን የሚለማ ተክል አይደለም፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የቤት ቢራ ስትሉ የራሳችሁን ብቅል ማብቀል፣ ሆፕ ደግሞ ከሚመጣ ሰው ማስላክ ማለት ነው።

ከጠላ የሚለየው ዋናው ነገር ሙቀት መቆጣጠር ነው። የተፈጨው ብቅል ለአንድ ሰዓት ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ያን ጊዜ የብቅሉ ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ከ75 ካለፈ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ከ60 በታች ከሆነ ሥራው ይጓተታል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ግዙ። ለቢራ ሌላ ዕቃ ሁሉ ቢቀር እሱ አይቀርም።

ከፍታው እዚህ ላይ ይገባል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ሦስት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ 15 ዲግሪ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ብትቀላቅሉ 72 አካባቢ ይሆናል። በእያንዳንዱ ሦስት ሊትር ላይ አንድ ኪሎ ብቅል ስትጨምሩበት ወደ 66 ይወርዳል። ልክ የምትፈልጉት ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ውሃው የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ተጠግቶ ነው፣ ቀዝቃዛ የተባለውም ለብ ያለ ነው። ያው ልኬት እዚያ ብቅሉ ከገባበት በኋላም ወደ 72 ይጠጋል፣ ከሚፈለገው 68 ያልፋል። ከሌላ አገር የተቀዳ አሠራር አይቶ መሥራት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ከዚያ ይጠለላል፣ ከሆፕ ጋር አንድ ሰዓት ይፈላል። ደጋ ላይ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ ሆፑ ምሬቱን ቶሎ አይለቅም። ሰዓቱን በግማሽ አርዝሙ ወይም ሆፑን ጨመር አድርጉ። ሆፕ ካጣችሁ እንጨት ጌሾ አፍሉበት፣ በትንሹ ጀምራችሁ እየቀመሳችሁ። ጣዕሙ የፋብሪካ ቢራ አይሆንም። በጠላና በቢራ መካከል ያለ የራሱ መጠጥ ነው፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። ሲቀዘቅዝ እርሾ ይገባል፣ ሁለት ሳምንት ይብላላል።

ንጽሕና ላይም ቢራ ይቅር አይልም። ጠላ ትንሽ ኮምጠጥ ቢል ጠላ ነው። ቢራ ትንሽ ኮምጠጥ ካለ ተበላሽቷል።

አረቄስ?

ደብረ ብርሃን በአረቄዋም ትታወቃለች፣ ስለዚህ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ለጀማሪ መልሴ አጭር ነው፦ አይሆንም። ማውጣት ከማብላላት ሌላ ሥራ ነው። የአልኮል ተን እሳት አጠገብ ይቀጣጠላል። በተለይ ከፍራፍሬ የሚወጣው ሜታኖል በሲደር ውስጥ ጥቂት ሆኖ አይጎዳም፣ ሲወጣ ግን ከአልኮሉ ጋር አብሮ ይጠራቀማል፤ ሜታኖል ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም።

ዕቃና ጠርሙስ

ባልዲም ጄሪካንም ይሆናል፣ ለምግብ ተብሎ የተሠራ እስከሆነ ድረስ። ነዳጅ፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበትን አትንኩ። በበረኪና ካጠባችሁ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ። የሚወጣው ጋዝ መንገድ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ክዳኑን ቀዳችሁ ቀጭን ቱቦ አስገቡ፣ ጫፉን ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቱት። ጋዙ እየቡለቀለቀ ይወጣል፣ አየርና ዝንብ አይገባም። ቡልቅልቁ ሲያቆም መብላላቱ እየተገባደደ ነው። ደጋ ላይ ግን ብርድ ብቻ ሊያቆመው ስለሚችል ዕቃውን ሞቅ ወዳለ ቦታ ወስዳችሁ ሁለት ቀን እዩት። ማድ ቤት ጥግ፣ ምጣድ ከሚነድበት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጥሩ ቦታ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ይህ ግዴታ ነው።

ቢራና ሲደር ጋዝ እንዲኖራቸው ከፈለጋችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ከተብላሉ በኋላ በሊትር አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምራችሁ አሽጉ። መጀመሪያ ላይ ብርጭቆ ጠርሙስ አትጠቀሙ። ባዶ ሃይላንድ ይሻላል፣ በተለይ ለስላሳ የነበረበት ወፍራሙ። በየቀኑ በጣታችሁ ጫን በሉት። ድንጋይ ሲሆን ደርሷል፣ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ አዙሩት። ብርጭቆ ግን ምንም ሳይነግራችሁ ይፈነዳል። ጠጅና ጠላ በዚህ መንገድ አይታሸጉም። ገና እየተብላሉ ስለሚጠጡ ክዳናቸው ላላ ይበል።

ላዩ ላይ ነጭ ስስ ሽፋን ካያችሁ ገፍፋችሁ ቅመሱት፣ ብዙ ጊዜ መጠጡ ደህና ነው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጠጉራም ሻጋታ ካለ ግን ሁሉንም ድፉት። ኪሎ ማር ነው ብሎ ማዘን ይመጣል፣ ቢሆንም ድፉት።

ታዲያ የቱን?

ደጋ ሆናችሁ ብቻችሁን የምትሞክሩ ከሆነ ጠጅ። ደጋም ሆነ ቆላ አጠገባችሁ ጠማቂ ካለ ጠላ። አፕል ያለው ዘመድ ካላችሁ ሲደር፣ እሱም ደጋ ላይ። ቆላ ሆናችሁ ብቻችሁን ከሆናችሁ ማሩ ጠንከር ያለ ጠጅ። ቢራን ከሌሎቹ ሁለቱን በደንብ ከሠራችሁ በኋላ ሞክሩት። የመብላላትን ሽታና ድምፅ ያወቀ ሰው ቢራ ላይ አይደናገጥም።

ለበዓል ከሆነ ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ለገና የሚደርስ ጠጅ በኅዳር ጽዮን ሰሞን መጣል አለበት። ጠላው ታኅሣሥ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠንሰስ። ሸዋ ሮቢት ላይ ጠጁ በታኅሣሥ አጋማሽ ቢጣል ይደርሳል፣ ጠላው ደግሞ ለገብርኤል ዋዜማ ቢጠነሰስ ይበቃል።

አተላውን አትጣሉ። የጠላም የቢራም አተላ ለከብት ጥሩ መኖ ነው። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ስጡት፣ ከዚያ ካለፈ ይሻግታል። ከለመዱት መኖ ጋር እየቀላቀላችሁ ከትንሽ ጀምሩላቸው፤ ገና አልኮል ያለበትን አንድ ባልዲ ሙሉ የጠጣች ላም መቆም ያቅታታል። ከብት ከሌላችሁ ለጎረቤት ስጡ። ጥንስስ የሚያሸቱላችሁ እትዬም ላም ሊኖራቸው ይችላል።